ከክፍል ዘጠኝ፣ ያለ ሰላምታ

የካቲት 1989 ዓ.ም.
ቦሌ ሚካኤል፣ አዲስ አበባ

ለተከበሩ አቶ ዘርአጽዮን
የወንዝ ማዶ ጤና ጣቢያ ዋና ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ሰው ሰላም ማለት እንዲፈቀድልኝ ስለ መጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለክብርት ባለቤትዎና ለልጆችዎ የተሟላ ጤንነት እመኛለሁ። የወገብዎ ሕመም ተሽሎዎት፣ የቢሮዎ አዲሱ መጋረጃም በልኩ ተሰፍቶ፣ በመልካም ሁኔታ እንደሚገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። ይህን ምኞቴን በአካል ቀርቤ፣ እጅ ነስቼ ማቅረብ ሲገባኝ ከሩቅ ሆኜ በጋዜጣ ገጽ መላኬ ከንቀት ሳይሆን ለእርስዎ ካለኝ ርኅራኄ የመነጨ መሆኑን እንዲረዱልኝ እለምናለሁ። የእኔን ሰላምታ የተቀበለ ሰው ምን እንደሚደርስበት ወረድ ብዬ አስረዳለሁ።

ስሜን ዘንግተውት ከሆነ አልቀየምም። እኔ በሚመሩት ጤና ጣቢያ በክፍል ዘጠኝ የምሠራው ነርስ፣ ሲስተር አዝመራ ዋቅጅራ ነኝ። ለኤች አይ ቪ ምርመራ ደም የሰጠ ሰው ሁሉ፣ ለሥራ ወደ ዓረብ አገር የሚሄደውም፣ ሊያገባ ቀን የቆረጠውም፣ ባሏን በቅርቡ የቀበረችውም፣ ውጤቱን የሚሰማው ከእኔ አፍ ነው። መሥሪያ ቤቱ የሰጠኝ ማዕረግ «የምክር አገልግሎት ባለሙያ» የሚል ሲሆን፣ ሰፈሩ የሰጠኝ ግን «መርዶ ነጋሪዋ» የሚል ነው። ከሁለቱ የሰፈሩ ይበልጥ ይታወቃል።

ጉዳይሽን ለምን በቢሮ በኩል አላቀረብሽም ይሉኝ ይሆናል። አቅርቤ ነበር። ማመልከቻ ይዤ በመጣሁ ቁጥር ጸሐፊዎ ጫፉን ይዛ በፈገግታ ትቀበለኝና «አቶ ዘርአጽዮን ያዩታል» ትለኛለች፤ እርስዎም እንዳዩት አልጠራጠርም፤ ማየትም ቢሆን ትልቅ ነገር ነው። ይሁን እንጂ ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም ይባላልና፣ ያለኝን ምስጋናና ጥቂት ቅሬታ ሰው በሚሰማው ቦታ ለማቅረብ ተገድጃለሁ።

1ኛ. ስለ ክፍሉ።

ክፍል ዘጠኝን ስለ ሰጡኝ አመሰግናለሁ። ከእኔ በፊት መወልወያና በረኪና ይቀመጥበት የነበረ በመሆኑ እስከ ዛሬ ድረስ ንጽሕና ንጽሕና ይሸታል። የሰዎች ምስጢር እንዲጠበቅ በማሰብ ብቸኛውን መስኮት በነጭ ዘይት ቀለም ስላስቀቡት፣ ጠዋት ገብቼ እስክወጣ ድረስ ፀሐይ ይውጣ ዝናብ ይዝነብ የማውቀው ነገር የለም። በሩ ግን የሚከፈተው ልጆቻቸውን ለክትባት ያመጡ እናቶች ወደሚቀመጡበት አግዳሚ ወንበር ነው። በመስኮት በኩል የተከለከለው ምስጢር በበሩ በኩል እንደ ልቡ ይመላለሳል። ከእኔ ዘንድ የሚወጣው ሰው የጤና ጣቢያውን አጥር ሳያልፍ አግዳሚው ወንበር ፊቱን አይቶ ፍርዱን ይሰጣል፤ ጎንበስ ብሎ የወጣው «አለበት» ይባላል፣ በደስታ የፈጠነው «አእምሮውን ነካው» ይባላል፣ ረጋ ብሎ የወጣው ደግሞ «ደንዝዟል» ይባላል። አራተኛ ዓይነት አወጣጥ ካለ ቢያሳውቁኝ ለሰዎቹ አስተምራቸው ነበር።

በማዋለጃ ክፍል ጓንት ጠፍቶ አዋላጆቹ በሚጨነቁበት ሰሞን ሙሉ ካርቶን ጓንት ወደ ክፍል ዘጠኝ ስለ ላኩልኝም ምስጋናዬ የላቀ ነው። እኔ በዚያ ክፍል የምነካው ነገር ቢኖር ቃል ብቻ ነው፤ ለቃል የሚሆን ጓንት ግን ካርቶኑ ውስጥ ፈልጌ አላገኘሁም። ስለዚህ ካርቶኑን ያለ ፈቃድዎ ለአዋላጆቹ ሰጥቻለሁና ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ባልደረባችን ረታ ቀኑን ሙሉ በላቦራቶሪ ከደም ጋር የሚውል ደፋር ሰው መሆኑን ያውቃሉ። ውጤቱን ለእኔ የሚያደርሰው ግን በበሩ ሥር አሹልኮ ነው። ከደሙ ይልቅ እኔን የሚፈራው ለምን እንደሆነ አንድ ቀን ብጠይቀው፣ ከበሩ ማዶ ሆኖ «ደሙ አያየኝማ፣ ሲስተር» አለኝ። አልፈርድበትም፤ ቅንነቱን ወድጄለታለሁ።

2ኛ. ስለ መርዶ።

እንደሚያውቁት በአገራችን መርዶ በአንድ ሰው አይነገርም። ዘመድና ጎረቤት አስቀድሞ ይመካከራል፤ ሐዘንተኛው ሳያውቅ ማታውን እህል እንዲቀምስ ይደረጋል፤ ሊነጋጋ ሲል ሽማግሌዎች ከፊት፣ ሴቶች ከኋላ ሆነው ይሄዳሉ። የምትወድቀውን የሚይዝ ጉልበተኛ ይመደባል፤ ውኃ የሚያቀርብ አለ፤ ልጆቹን ወደ ጎረቤት የሚወስድ አለ። የሚናገረው አንድ ቢሆንም ከጀርባው ሰፈር ቆሟል። ተናጋሪውም ተናግሮ ወደ ሌላ መርዶ አይሄድም፤ አብሮ ያለቅሳል፣ አብሮ ይቀመጣል፣ ይወጣለታል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የተባለው ለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

በክፍል ዘጠኝ ግን ሽማግሌዋም፣ ደጋፊዋም፣ ውኃ አቅራቢዋም እኔ ነኝ። አልቃሿም እኔ ልሆን ነበር፤ «ባለሙያ አያለቅስም» ብለው ስለ ከለከሉኝ ከሥራዬ አንዱን አቅልለውልኛል። ለአንዱ ተናግሬ ስጨርስ በሩን ከፍቼ «ቀጣይ» እላለሁ። ይህቺ ቃል እየመጣች ከእንቅልፌ ታባንነኛለች።

ባለፈው ክረምት መውጫ ላይ አንድ በዕድሜ የገፉ ሰው ውጤታቸውን ሊሰሙ መጡ፤ ስማቸውንም መንደራቸውንም አልናገርም። የነገርኳቸውን ሰሙ። ከዚያ ወደ እኔ ሳይሆን ከኋላዬ ወዳለው ግድግዳ ተመለከቱ፤ ዞረው ወደ በሩም ተመለከቱ። ሰው የሚፈልጉ ይመስሉ ነበር። በመጨረሻ «ልጄ፣ ምነው ብቻሽን ላኩሽ?» አሉኝ። የራሳቸውን ጉድ ትተው ለእኔ አዘኑ። ትከሻዬን ነካ አድርገውኝ ሲወጡ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ማልቀስ ፈልጌ አላውቅም። አግዳሚው ወንበር ላይ የሚጠብቅ ሰው ስለ ነበር ግን «ቀጣይ» አልኩ።

ከዚያ በኋላ ሁለተኛ ሰው እንዲመደብልኝ ስጠይቅዎ «ሁለት ሰው ካለ ምስጢር አይጠበቅም» አሉኝ፤ እንግዲያው ዝውውር ይሰጠኝ ስል ደግሞ «ልምድ ያለው ሰው ከዚያ ክፍል አይነሳም» አሉኝ። ልምዱን ያገኘሁት ከዚያ ክፍል ባለመነሳቴ ነው፤ ባልተነሳሁ ቁጥር ልምዴ ይጨምራል፤ ልምዴ በጨመረ ቁጥርም አልነሳም። መግቢያ እንጂ መውጫ የሌለው እንዲህ ያለ ቤት አናጺ እንኳ አይሠራም፤ እርስዎ ግን በሁለት ዓረፍተ ነገር ሠርተውታልና ተሰጥኦዎን አደንቃለሁ።

3ኛ. ስለ ፊቴ።

ሰዎች ውጤታቸውን ከአፌ በፊት ከፊቴ ለማንበብ ስለሚሞክሩ ምንም የማይናገር ፊት መያዝ ተለማመድኩ። ቅንድቤ ከፍ ካለ ተስፋ ያደርጋሉ፣ ከንፈሬን ከነከስኩ ይሞታሉ፤ ስለዚህ ሁሉንም አቆምኳቸው። ችግሩ፣ ከሥራ ስወጣ ጋዋኑ ይወልቃል፣ ፊቱ ግን አልወልቅም አለ። እኅቴ ሄኒ የመጀመሪያ ልጇን የተገላገለች ጊዜ ልጠይቃት ሄጄ ሕፃኑን ተቀብዬ ትክ ብዬ ሳየው፣ አራሷ ከአልጋዋ ዘላ ተነሥታ «ምን ሆነብኝ? አዝሚ፣ ልጄ ምን ሆነብኝ?» ብላ ጮኸች። ሕፃኑ ምንም አልሆነም፤ ቀይ፣ ድንቡሽቡሽ ያለ፣ ከእንቅልፉ በመቀስቀሱ የተቆጣ ጤነኛ ልጅ ነበር። እኔም በጣም ደስ ብሎኝ ነበር። ፊቴ ግን አልሰማም። ከዚያ ወዲህ ሄኒ ልጁን ስታቀብለኝ ወደ ሌላ አቅጣጫ ታያለች።

ይህን የምጽፍልዎ እንዲያዝኑልኝ አይደለም፤ ሐዘን በጀት እንደሌለው ነግረውኛል።

4ኛ. ስለ ሰላምታ፣ ማለትም ስለ ዋናው ጉዳይ።

እኔ ከተማ መሀል እየኖርኩ ሰው ሰላም ማለት ካቆምኩ ሰንብቻለሁ። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ በቦሌ ሚካኤል መንገድ ላይ ቆሜ ያነጋገርኩት ሰው ሁሉ «ከእሷ ጋር ምን አገናኘው?» ይባላል። አንድ የቧንቧ ሠራተኛ ስለ ቧንቧችን አነጋግሬው ደንበኛ እንደ ሸሸው በሰው ልኮብኛል። እሺ ብዬ ዝም ብዬ ማለፍ ስጀምር ደግሞ «አይታ እንዳላየች ያለፈችው ምስጢሩን ስለምታውቅ ነው» ተባለ። ሰላም ብል በሽተኛ አደርጋለሁ፣ ሰላም ባልል የባሰ በሽተኛ አደርጋለሁ። ስለዚህ መሬት መሬት እያየሁ፣ በውስጥ ለውስጥ መንገድ፣ እንደ ሌባ ወደ ቤቴ እገባለሁ። ታክሲ ውስጥ ስገባ ጨዋታው ይቆማል። በማመልክበት የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ሙሽሮች ሳይመረመሩ ስለማይጋቡ ግማሹ ወጣት በክፍል ዘጠኝ አልፏል፤ የምሥራች የነገርኳቸው እንኳ እሑድ እሑድ ከአጠገቤ አይቀመጡም። «ጌታ ይባርክሽ» የሚለው ቡራኬ ከሁለት አግዳሚ ማዶ ተወርውሮ ይደርሰኛል። እግዚአብሔር በዚያ ርቀትም እንደሚሰማ አምናለሁ።

ይህን ሁሉ ችዬ ልኖር ነበር። አሁን ግን የሌላ ሰው ልጅ ሕይወት ገባበት።

ጎረቤቴ እትዬ መኪያ ከወሎ መጥተው ሾላ ገበያ በርበሬና ቅመም እየሸጡ ልጆች ያሳደጉ ሴት ናቸው። ልጃቸው ሳና እጄ ላይ ያደገች ናት፤ በልጅነቷ ስትታመም መርፌ የወጋኋት እኔ ነኝ፣ እስከ ዛሬም በዚያ ትቀየመኛለች። ሳና ከሙነወር ጋር፣ የአሰብ መስመር የከባድ መኪና ሹፌር ከሆነው ልጅ ጋር፣ ተጫጭታ የኒካህ ቀን ተቆርጦ ነበር። ስማቸውን የማነሳው እናትና ልጅ «የእኛ ስም እንደ ሆነ በየሰው አፍ ገብቷል፤ አንቺ ደግሞ በጋዜጣ አስገቢው» ብለው ስለ ፈቀዱልኝ ነው።

ከገና በኋላ በነበረው አንድ ቅዳሜ እትዬ መኪያ መደብ ላይ በርበሬ ልገዛ ሄጄ ሳናን አገኘኋት። የኒካሁን ቀን በጆሮዬ ስትነግረኝ ራሴን ረሳሁ። ክፍል ዘጠኝን ረሳሁ፣ አግዳሚውን ወንበር ረሳሁ፣ አቅፌ ደጋግሜ ሳምኳት። ሰው መሳም እንደዚያ እንደናፈቀኝ አላውቅም ነበር። በዚያው ሰዓት ከጎናችን አዲስ የተፈጨ በርበሬ ከጆንያ ወደ ሣፋ እየተገለበጠ ስለ ነበር ዓይኔ አነባ። ማንም ሾላ የሄደ ሰው እንደሚያውቀው በዚያ መደብ ዓይኑ የማያነባ ሰው የለም፤ እትዬ መኪያ ራሳቸው በንግድ ዘመናቸው ሁሉ ሲያነቡ ኖረዋል። ነገር ግን ፊት ለፊት ሽንኩርት የምትሸጠው የሙነወር አክስት ያየችው በርበሬውን አይደለም። ያየችው የክፍል ዘጠኟ ሲስተር ሙሽሪትን አቅፋ ስታለቅስ ነው።

እኔ ወደ ቤቴ ሳልደርስ ወሬው ቀድሞኝ ደረሰ። በማግሥቱ የሙነወር ቤተሰብ ሽማግሌ ልኮ «ጉዳዩ ትንሽ ይቆይልን» አለ። ክቡርነትዎ እንደሚያውቁት «ይቆይ» ማለት በእርስዎ ቢሮም ሆነ በእኛ ሰፈር አንድ ዓይነት ትርጉም አለው። ሹፌሩን ማንም አንድ ጥያቄ አልጠየቀውም፤ እኔም አልጠይቀውም። እትዬ መኪያ ያን ዕለት ደጄ ላይ ቆመው፣ ሳይገቡ፣ «አዝመራ ልጄ፣ አልከፋብሽም፤ ግን በአላህ ይሁንብሽ፣ ከእንግዲህ ገበያ መሀል አትሳሚን» አሉኝ። ሳና ከኋላቸው ቆማ ነበር። እንድስማት ሳይሆን እንድናገርላት ነበር የምትጠብቀው።

ሽማግሌዎቹም የጠየቁት ይህንኑ ነው፤ «ሲስተሯ በአፏ ልጅቷ ደኅና ናት ትበልና እንጨርስ» አሉ። ቀላል ይመስላል። ክቡር ሆይ፣ እርስዎ የምስጢር ጥበቃውን ደንብ ያወጡ ሰው ስለ ሆኑ ይገባዎታል ብዬ አስባለሁ፤ ለሌላው አንባቢ ግን ላስረዳ። ሳና ክፍል ዘጠኝ ገብታ ታውቃለች ወይም አታውቅም ብዬ ዛሬ ከተናገርኩ፣ ነገ ስለ ሌላው ይጠይቁኛል፤ ስለ ሌላውም ዝም ያልኩ ቀን ዝምታዬ ምስክርነት ይሆንበታል። ለአንዱ ከተናገርኩ ለሁሉም ተናገርኩ ማለት ነው። ስለዚህ ዝም አልኩ። ዝም ስል ደግሞ «አያችሁ፣ ደኅና ብትሆን ትናገር ነበር» ተባለ። ዝም አይነቅዝም የሚለው ሰው የእኔን ዝምታ ቢያይ ተረቱን ይመልስ ነበር፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ የሳናን ኒካህ በልቶ ጨርሷል።

እንግዲያው ትመርመርና ወረቀት ታምጣ የሚሉም አሉ። የት ሄዳ? ወደ እኛ ብትመጣ በዚያ አግዳሚ ወንበር ተቀምጣ፣ በዚያ በር ገብታ፣ ውጤቷን ከእኔው፣ «ካለቀሰችላት» ሴት፣ ልትሰማ ነው። ደኅና ናት የሚለውን ወረቀት ይዛ ብትወጣም «ጎረቤቷ ናት፣ ጻፈችላት» ይባላል። ሳና ታፍናለች፤ እኔም ታፍኛለሁ። መስኮቱ ከውጭም ከውስጥም ተቀብቷል።

ወደ እርስዎ ቢሮ የሮጥኩት በዚህ ጊዜ ነው። የለመንኩዎ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ጤና ጣቢያው በዕድር ስብሰባም ይሁን በቀበሌ አዳራሽ «የነርሷ ሰላምታ ሰላምታ ብቻ ነው፤ ነርስም እንደ ሰው ትስማለች፣ ዓይኗም በበርበሬ ያነባል» ብሎ እንዲናገርልኝ። እርስዎም ብዕርዎን አስቀምጠው «ሲስተር፣ ሰላምታ የግል ጉዳይ ነው፤ መሥሪያ ቤቱ በሰላምታ ውስጥ ጣልቃ አይገባም» በማለት አስተማሩኝ። ትምህርቱን ይዤ ወደ ክፍል ዘጠኝ ተመለስኩ።

5ኛ. ስለ ጭንቀት።

ለጤና ባለሙያዎች የሥራ ላይ ጭንቀት መላ ለመፈለግ በቦሌ መንገድ አንድ ምቹ ሆቴል ውስጥ ስላዘጋጁት ዐውደ ጥናት ሳላመሰግን ባልፍ ነውር ይሆንብኛል። የየክፍሉ ኃላፊዎች፣ ንብረት ክፍሉና ሹፌሮቹ በሙሉ ተጨንቀው ከረሙ። እኔ «ክፍል ዘጠኝ ባዶ መሆን የለበትም» ስለ ተባለ የጭንቀቱ ተካፋይ አልሆንኩም፤ ሆኖም በመዝጊያው ለፎቶግራፍ ተጠርቼ በመጨረሻው ረድፍ ቆሜያለሁ። የመጡት ምሁር ጭንቀት የሚቀለው ለሚያምኑት ሰው በመናገር ነው ካሉ በኋላ፣ በሰው ፊት ወደ እኔ ዞረው «አንቺን የሚያስጨንቅሽ ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁኝ። «ምስጢር ነው» አልኩ። አዳራሹ በሙሉ ሳቀ፤ እኔ ግን እየቀለድኩ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን እርስዎም ያስታውሱት ይሆናል። እንግዶቹን ለመሸኘት በር ላይ ቆመው እያንዳንዱን ሰው በሁለት እጅዎ ሲጨብጡ ቆዩ፤ ተራው ወደ እኔ ሲደርስ ቀኝ እጅዎ ወደ ክራቫትዎ ሄደ፣ ግራው ኪስ ገባ፣ አንገትዎም እስከ ደረትዎ ዝቅ አለ። የዘረጋሁት እጄ አየር ላይ ቀረ። ይህን ያህል ከበሬታ ከእርስዎ አግኝቼ ስለማላውቅ እጄን ወደ ፀጉሬ ወስጄ የማስተካክል መሰልኩ። በማግሥቱ ክፍል ዘጠኝ ስገባ ከበሩ በላይ «በመጨባበጥ፣ በመሳሳም፣ አብሮ በመብላት አይተላለፍም» የሚል ትልቅ ፖስተር፣ ከግርጌው ስምዎና ፊርማዎ ያለበት፣ ተለጥፎ አገኘሁ። የፊርማዎ ማማር ያስቀናል።

ስድስተኛ ቅሬታም ነበረኝ፤ ነገር ቢበዛ በአህያ አይጫንም ብዬ ትቼዋለሁ።

እንግዲህ የምለምንዎ ይህ ነው። ዝውውር አልጠይቅም፣ እንደማልነሳ ገብቶኛል። መስኮቱም ይቅር፤ ነጭ ቀለምም እያደር ሲያዩት ሰማይ ይመስላል። የምለምንዎ አንድ ቅዳሜ ከሥራ መልስ ሾላ ገበያ ድረስ ብቅ ብለው፣ ከእትዬ መኪያ መደብ ፊት ለፊት፣ የሙነወር አክስት ከሽንኩርቷ ላይ ቀና ብላ በምታይበት ቦታ፣ የእኔን እጅ እንዲጨብጡልኝ ብቻ ነው። ሰፈሩ የሚያውቀኝ ሰዎችን በሽተኛ በማድረግ ነው፤ «ኃላፊውስ ጨብጧት የለ፣ እሱ ምን ሆነ?» የሚል አንድ ሰው ከተገኘ የሳና መሳም ተራ መሳም ሆኖ ይቀራል። ንግግር አያስፈልግም፣ ማይክሮፎን አያስፈልግም። በጀትም አይጠይቅም፤ እጁ የራስዎ ነው።

ያን ሽማግሌ ሰውዬ ባገኛቸው «ብቻዬን አልላኩኝም፣ አንድ ሰው ከኋላዬ ነበረ» ልላቸው እፈልጋለሁ።

በደብዳቤ ወግ በዚህ ቦታ ላይ «ከሰላምታ ጋር» ተብሎ ይፈረማል። ይህ ደብዳቤ በቢሮዎ፣ በጸሐፊዎና በተላላኪዎች እጅ የሚያልፍ ስለ ሆነና በአንዳቸውም ላይ ክፉ ወሬ እንዲወጣባቸው ስለማልፈልግ፣ ያንን ቃል በአክብሮት አስቀርቼዋለሁ። ጤናዎን፣ ወንበርዎንና መጋረጃዎን ይጠብቅልዎ።

ያለ ሰላምታ፣
ሲስተር አዝመራ ዋቅጅራ
ከክፍል ዘጠኝ

ግልባጭ፦
ለእትዬ መኪያና ለሳና፣ ቦሌ ሚካኤል
ለሙነወር ቤተሰብ የተከበሩ ሽማግሌዎች
ለአግዳሚው ወንበር

ድኅረ ጽሑፍ፦ በሚመጣው ቅዳሜ ረፋዱ ላይ በተባለው ቦታ ቆሜ እጠብቅዎታለሁ፤ ሽማግሌዎቹም በርበሬ ሊገዙ እንደሚመጡ ቃል ገብተውልኛል። እርስዎ ያልመጡ እንደሆነ ልመናዬን ንቀው ነው ብዬ አላማዎትም፤ አሞዎት ነው ብዬ አስባለሁ እንጂ። የታመመ መጠየቅ ደግሞ በእርስዎም በእኔም ዘንድ ያለ ወግ ነው። ስለዚህ በማግሥቱ እሑድ፣ ጎረቤቶችዎ ሁሉ ከቤተ ክርስቲያን በሚመለሱበት ሰዓት፣ ብርቱካንና ከእትዬ መኪያ የገዛሁትን አዲስ የተፈጨ በርበሬ ይዤ ደጅዎ ድረስ እመጣለሁ፤ በሩ ላይ አንገትዎን አቅፌ፣ ጉንጭዎን ደጋግሜ ስሜ፣ ስለ ጤናዎ ጮክ ብዬ እጠይቅዎታለሁ። አይስጉ፤ በመሳሳም እንደማይተላለፍ በፊርማዎ አረጋግጠውልናል። ዓይኔ ያነባ እንደሆነም ለጎረቤቶችዎ በርበሬው ነው ይበሏቸው፤ እርስዎንስ ሳያምኑዎት አይቀሩም።